የሰዓዳ ሆድና የመርሳ ሰው

ወላሂ አታምኑኝም። ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም፤ እኔ ራሴ በዓይኔ ባላይ፣ በጆሮዬ ባልሰማ፣ ደግሞም ግማሹን ጥፋት በገዛ አፌ ባላመጣው ኖሮ «ይቺ ሴትዮ ዛሬም ጀመራት» ብዬ ትቻት እሄድ ነበር። የምነግራችሁ ግን እውነት ነው። ትንሽ ብጨምርበት እንኳ ለጣዕም ነው፤ ጨው ያልገባበት ወጥ ማን ይበላል?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በእኛ አገር ያገባች ሴት ሆድ የማን ነው? የራሷ ነው እንዳትሉኝ፣ እስቃለሁ። በሬው የአራሹ ነው፣ ማሳው የባለማሳው ነው፣ አስፋልቱ የመንግሥት ነው፤ ያገባች ሴት ሆድ ግን የሕዝብ ነው። የሰርጓ ድንኳን ከፈረሰ ጀምሮ ያገኛት ሁሉ ሰላም የሚላት ፊቷን እያየ አይደለም፤ ዓይኑን ከአንገቷ በታች አውርዶ፣ ከጉልበቷ በላይ አቁሞ፣ እዚያው መሐል ላይ ተክሎ «ደኅና ነሽ? ምን ተገኘ?» ይላታል። ምን ተገኘ! እንደ ጠፋ ግመል። ሽንኩርት ሻጯ ሚዛኗን እንደያዘች ትጠይቃለች። ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ አሻግሮ እያየ ይጠይቃል። የገዛ ልጆቹን ስም የሚያምታታ ሽማግሌ ሳይቀር የሰው ሚስት ከሠርጓ ወዲህ ስንት ክረምት እንዳለፋት አይስትም። ጠያቂው ሁሉ ታዲያ አዛኝ ነው፤ እያዘነ ይወጋል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ያለው ሰው መርሳ ገበያ መሐል ቆሞ ሳይሆን አይቀርም የተናገረው።

ተናድጃለሁ። ስስቅ ብታዩኝ ጥርሴን አትመኑት። እኔ ከድጃ የምቀልደው ስናደድ ነው፤ ባልቀልድ ኖሮ ይኼን ጊዜ የወረዳችንን የሐብሩን ሰው ግማሹን በዘነዘና ጨርሼው ነበር፤ የተረፈውም በድንጋጤ ያልቅ ነበር።

ነገሩ የእህቴ ልጅ የሰዓዳ ነው። ሰዓዳ መርሳ ላይ ልብስ ሰፊ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ሲንጀሯ ላይ ተጎንብሳ የሰው ቀሚስ ስታሳጥርና የሰው ሱሪ ስታስረዝም ትውላለች። ባሏ እንድሪስ የውኃ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ የአካባቢው ሽንኩርት አልሚ ሞተሩ ባስነጠሰ ቁጥር ተሸክሞ እሱ ዘንድ ይሮጣል። ደግ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። ግን ዝምታው! አፉን የሚከፍተው ለጉርሻና ለማዛጋት ብቻ ነው። ይዋደዳሉ ደግሞ፤ እሱ ከሥራ ሲመለስ በግራሶ የጠቆረ እጁን እሷ በሳሙና ስታሽለት ያየ ሰው እንደገና ማግባት ያምረዋል። እኔን እንኳ ሊያምረኝ ነበር፤ አላህ አተረፈኝ።

ልጅ ግን አልመጣም።

የእንድሪስ እናት እትዬ ዘይነባ ይባላሉ። ምላሳቸው ሐራ ላይ ቢወረወር ወልድያ ላይ ደም ያወጣል። መጀመሪያ ነገሩን በምግብ ሊፈቱት ሞከሩ። «የጠገበ ገላ ነው ልጅ የሚይዘው» እያሉ ልጅቷን በገንፎና በቅቤ ይጠቀጥቋት ጀመር። ሰዓዳም ወፈረች። ስትወፍር፣ ድሮም እንደ ቆላ ዝናብ ሲያሻው የሚመጣው፣ ሲያሻው የሚቀረው የወር አበባዋ ጭራሹን ለወራት ይጠፋ ጀመር። ሲቀር ቤቱ በእልልታ ይሞላል፤ ዘግይቶ ሲመጣ ለቅሶ ይሆናል። እስቲ አስቡት፤ በገዛ ደሟ መምጣት አማቷን ለቅሶ ትደርሳለች!

ከዚያ ደግሞ አገጯ ላይ ጥቂት ጠንካራ ፀጉር ብቅ ብቅ አለ። እትዬ ዘይነባ አዩት። እሳቸው የሚያዩትን ፀሐይም አታይም። ቦኖ ውኃ ሊቀዱ በተሰለፉ ሴቶች ፊት «ለካ ልጄ ወንድ አግብቶ ነው የሚኖረው!» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዓዳ በሐሩር ሻሿን እስከ አፏ ድረስ ጠቅልላ መስፋት ያዘች። እኔ ደረስኩና እዚያው ሱቋ በር ላይ ቆሜ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «ፂም ካወጣች ለሽምግልና ትቀመጥ! ከነዚህ ባለ ፂሞች ይልቅ እሷ ፍርድ ታውቃለች» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና በያዘችው ጨርቅ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። የያዘችው የሰው ሙሽራ ቀሚስ ነበር።

ያን ጊዜ ነው «ተነሺ፣ ወልድያ እንሂድ» ያልኳት።

ሄድን። በማግስቱ ማለዳ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ ወሬያችን ግን ማንንም አልጠበቀም፤ እኛ ሲሪንቃን ሳናልፍ እሱ ወልድያ ገብቶ ቁርሱን በልቶ ነበር። ከጎናችን የተቀመጠች የማናውቃት ሴት «ለልጅ ነው አይደል የምትሄዱት? ጥቁር አዝሙድ በማር ሞክራለች?» አለችን። ከኋላ አንዱ ጎልማሳ «ማሩ የጣዝማ ካልሆነ አይሠራም» ብሎ አረማት። ሾፌሩም ከፊት ሆኖ የአጎቱን ሚስት ታሪክ አመጣ። ወልድያ ስንደርስ ሰዓዳ በስድስት ዓይነት መድኃኒት ድና ነበር፤ የቀረን ሐኪም ብቻ ነው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ መነጽሯ ከፊቷ ይሰፋል። ሰዓዳን አስተኝታ ሆዷን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባቻትና በማሽኑ ማየት ስትጀምር እኔም አንገቴን እንደ ሰጎን አስግጌ ቴሌቪዥኑን አየሁ። ጥቁር ጥቁር ክብ ነገር እንደ ዱዓ መቁጠሪያ ዙሪያውን ተደርድሯል።

«ዶክተር ልጄ፣ ይኼ የተሰደረው ምንድን ነው?»

«እንቁላል የሚያድግባቸው ትንንሽ ከረጢቶች ናቸው፣ እናቴ።»

«ይኼ ሁሉ?»

«አዎ፣ እንዲያውም በዝተዋል። ችግሩ፣ አንዱም በጊዜው በስሎ አይወጣም።»

ሱብሃን አላህ! እትዬ ዘይነባ «ባዶ ነው» ብለው አገር ያስለቀሱበት ጎተራ ለካ ሞልቶ ሞልቶ በሩ ነው የጠበቀው! ሐኪሟ ስሙንም ነገረችን። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል፤ ባጭሩ ፒሲኦኤስ። አጠራሩን ስሰማው በማኅተም የሚሠራ መሥሪያ ቤት ነው የመሰለኝ። በሰውነቷ ውስጥ ያለው ሆርሞን የሚባለው ቅመም ሚዛኑን ስቶ ነው አለች። ወሩ የሚዘበራረቀው፣ ፀጉሩ የሚበቅለው፣ ገላው የሚከብደው ሁሉ ከዚያው ነው፤ እርግማን አይደለም፣ የማንም ዓይን አይደለም፣ የሷም ጥፋት አይደለም፤ ብዙ ሴቶች አለባቸው፣ ብዙዎቹም ሳያውቁት ይኖራሉ አለች።

ሰዓዳ ሻሿን ከአፏ ላይ ሳታወርድ፣ «ዶክተር፣ እወልዳለሁ ወይስ አልወልድም?» አለቻት።

ሐኪሟ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበቻት። «ይኼ ያለባቸው ብዙ ሴቶች ይወልዳሉ። አንቺ ግን በእርግጥ ትወልጃለሽ ብዬ አልምልልሽም፤ ብምልልሽ እዋሽሻለሁ። ገንፎና ቅቤው ይብቃሽ፣ በየቀኑ ተራመጂ፣ መድኃኒቱን አታቋርጪ፤ እየተያየን ደግሞ የሚቀጥለውን እናደርጋለን። ብቻ ከዚያ በፊት ባለቤትሽም መጥቶ ይመርመር።»

«እሱ እንኳ ደኅና ነው» አለች ሰዓዳ።

«ማን አለ?»

ማን አለ! እኔ እዚያው ዘልዬ ልስማት ነበር። በመርሳ ምድር ላይ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው እስከዚያን ቀን አልተወለደም። እንድሪስ ደኅና መሆኑን ማን አየ? ማን መዘነ? እናቱ አሉ፣ አገር ተቀበለ፣ አለቀ! ሴቲቱን ዕፅ እያጠጡ፣ በጭስ እያጠኑ፣ እየጠቀጠቁ፣ ሆዷን በአደባባይ እየዳኙ፣ ወንዱን አንድ ቀን «እስቲ አንተስ?» ያለው የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው፤ ዳውላው ደግሞ ነፍስ አለው፣ ያለቅሳል።

በመልሱ መንገድ መርሳ ስንቃረብ ሰዓዳ እጄን ያዘችና «እቴ፣ ለካ ስም አለው» አለችኝ። «እስከ ዛሬ እኮ ስሙ እኔ ነበርኩ።»



በማግስቱ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። አንድ የተበታተነ ሞተር ፊት ቁጢጥ ብሏል።

«እንድሪስ፣ ሞተር ውኃ አልስብ ሲል ምኑን ነው የምትፈትሸው?»

«ሞተሩንም፣ ቱቦውንም።»

«ሞተሩን ሳትነካ ቱቦውን ብቻ ስትወቅጥ ብትውልስ?»

«ሞኝነት ነዋ፣ እቴ ከድጃ።»

«እንግዲያስ ወልድያ መቼ ትሄዳለህ?»

ጆሮው ቀላ። አንድ ብሎን ይዞ ያጠብቅ ጀመር፤ ብሎኑ ድሮም የጠበቀ ነበር። «ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ።

ሰው ምን ይለኛል! እሷን ሰው ያላት ምን ቀረው? ያላት ሁሉ ተሰብስቦ ቢጫን የሞላ አይሱዙ ይወጣዋል! እሱ አንዲት ቀን አንዲት ቃል እንዳትነካው ይሳሳል። ይህን ሁሉ ነገርኩት፤ ከዚህም የባሰ ነገርኩት፤ የነገርኩትን እዚህ ብጽፈው ወረቀቱ ይቃጠላል። እሱም አንገቱን ደፍቶ «ኢንሻ አላህ፣ እሄዳለሁ» አለ። ኢንሻ አላህ ከባድ ቃል ነበር፤ እኛ ግን እምቢ ማለት ሲያሳፍረን እንደ ጃንጥላ እንዘረጋዋለን።

ሰዓዳ በበኩሏ የታዘዘችውን ያዘች። ማለዳ ተነስታ በእግሯ ከመርሳ ወጣ ብላ ትመለሳለች። ይኼ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። እኛ ዘንድ እኮ ሰው የሚሄደው የሚሄድበት ሲኖረው ነው። ገበያ፣ ወፍጮ፣ ለቅሶ፤ ከነዚህ ባንዱ ካልሆነ በባዶ እጁ ሄዶ በባዶ እጁ የሚመለስ ሰው ወይ ለይቶለታል ወይ ሊኮበልል መንገድ እያጠና ነው። «ሰዓዳ ልትጠፋ ነው» ተባለ። አንዱማ «ሻንጣ ይዛ አይቻታለሁ» ብሎ ማለ። ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት ነዋ፤ እሱ ሻንጣ ጨመረበት። በመጨረሻ እኔ ባዶ ጀሪካን ሰጠኋት። ጀሪካን ከያዘች ማንም አይጠይቃትም፤ ውኃው ቦኖ ላይ ሆኖ ጀሪካኑ ወዴት እንደሚሄድ የሚያስብ ጭንቅላት በመንደሩ የለም። ባዶ ጀሪካን ስታንሸራሽር ከረመች። ሰው መረቃት። «አቤት ትጋት!» አሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ገላዋም ቀለል፣ ወሯም መስመር መያዝ ሲጀምር፣ እትዬ ዘይነባ ወዳጃ ጠሩ።

ወዳጃን ለማታውቁ፤ የጨነቀው ሰው ቤት ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ሰው በየተራው ጉዳዩን ይናገራል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ የተሰበሰበው ጀማ «አሚን» ይላል። እስላሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ተቀምጦ እኩል ነው የሚለው። መልካም ነገር ነው፤ የወሎ ሰው ሐኪም ሳይኖር የኖረው በወዳጃ ነው። ደግሞም ሕግ አለው። ጀማው አንዴ አሚን ያለበት ጉዳይ አይታጠፍም። እምቢ ያለ ሰው የተቃወመው ለማኙን አይደለም፤ አሚን ያለውን ጎረቤት ሁሉ ነው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ገባሁ። ቤቱ ጢም ብሏል። ሸህ አደም ከላይ ተቀምጠዋል። የእንድሪስ አባት አያ ይማም ግድግዳውን ተደግፈው ጫታቸውን ይዘዋል፤ እንድሪስ ዝምታውን የወረሰው ከሳቸው ነው፣ ያውም እሱ ወሬኛው ነው። እሱም አጠገባቸው ተቀምጧል፤ ሰዓዳ በር ሥር ኩርምት ብላለች። ዓይኔ ግን የሄደው ጥግ ላይ ወደተቀመጠ አንድ እንግዳ ነው። ጥምጣሙ አዲስ፣ ፊቱ የተቀባ፣ አቀማመጡ የአማች።

«ማነው እሱ?» አልኳት አጠገቤ ያለችውን ሴት።

«የሐራ ሰው ነው። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለችው።»

ገባኝ። እትዬ ዘይነባ ዱዓውን ለሰዓዳ ማሕፀን አልጠሩትም። የባለቤት ተራ መጨረሻ ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ ተነስተው «ልጄ ከየትኛውም በር ልጅ ያግኝ» ሊሉ ነው፤ ጀማው አሚን ሊል ነው፤ ከዚያ የሐራው ሰው «እነሆ በር» ሊል ነው። ሰዓዳ ደግሞ አንዴ ነግራኛለች፦ «ሌላ ሚስት ካመጣብኝ እኔ ጥል አላነሳም እቴ፣ መኪናዬን ይዤ እሄዳለሁ» ብላኛለች። መኪና ያለችው ሲንጀሯን ነው። ልጅቷ በገዛ ጎረቤቷ አሚን ከትዳሯ ልትባረር ነው፤ ለዚያውም በሩ ሊከፈትላት ትንሽ ሲቀረው!

ተራው እየዞረ ነው። አንዱ ለታመመች ላሙ አስለመነ፤ አሚን። አንዷ ለፈተና ለተቀመጠች ልጇ፤ አሚን። እኔ ጋ ደረሰ። ሸህ አደም ገና ሳልናገር ፈገግ አሉ።

«ከድጃ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይዘሽ መጣሽ? እንዳታስቂን፤ ዱዓ ላይ ነን።»

«አላስቅም ያ ሸህ። መንገደኛ ዘመድ አለኝ፤ መንገድ ጠፍቶት ነው የመጣሁት።» ድምፄን እንደ ለቀስተኛ አሳዘንኩት፤ ማሳዘን ደግሞ እችልበታለሁ። «ሐኪም ቤት የሚጠብቁት ምስኪን ነው። አላህ እግሩን ያቅናለት!»

«አሚን!» አለ ጀማው፣ በጫት በተወጠረ ጉንጩ።

«ፍርሃቱን ከልቡ ይንቀልለት!»

«አሚን!»

«ሚስቱ ብቻዋን የተኛችበት አልጋ ላይ እሱም ተራውን ይተኛ! ሳይመረመር ቤቱ ሌላ ሰው አይግባ!»

«አሚን! አሚን!» ቤቱ ተናወጠ። ከሁሉም የጮኸው የሐራው ሰው ነው።

«ስሙም እንድሪስ ይማም ይባላል!»

«አሚ...» አለ ቤቱ፤ የቀረችው «ን» ጉሮሮው ውስጥ ቀረች።

እንድሪስ መሬቱን እያየ ነው። ሰዓዳ ሻሿን ከአፏ አውርዳ እኔን ታየኛለች፤ አገጯ እስኪታይ ድረስ። ሸህ አደም ጢማቸውን አሹ፣ አሹና፣ «እንግዲህ...» አሉ፤ «ጀማው አሚን ብሏል። አሚን ደግሞ አይታጠፍም።» የሐራው ሰው አዲሱን ጥምጣሙን አስተካከለ፤ ቀጥሎም ጫማውን በዓይኑ ይፈልግ ጀመር።

እትዬ ዘይነባ ተነሱ። ሲነሱ ቤቱ ጠበበ።

«አንቺ ከድጃ! የሰው ዱዓ መጥተሽ ልጄን ታዋርጂብኛለሽ? ወንድ ልጅ ነው ለዚህ ነገር የሚመረመረው? ምድሪቱ አላበቅል ስትል አራሹን ነው የሚያክሙት?»

«እትዬ ዘይነባ፣ አንቱ ደግሞ» አልኳቸው፤ «አራሹን ማን ይከሰው አለ? ይታይ ነው ያልኩት። ደኅና ከሆነ ደኅና ነው ይባልና ኩራቱን በወረቀት ይዞ ይመለሳል።»

«አይሄድም! በይማም ዘር እንዲህ ያለ ጉድ ተሰምቶ አያውቅም! የዚህ ቤት ወንድ ለዚህ ጉዳይ የሐኪም ደጅ ረግጦ አያውቅም፣ አይረግጥም!» ወደ ግድግዳው ዞሩና ባላቸውን ለምስክር ጠሩ። «ያ ይማም፣ ዝም ይላሉ እንዴ? ይንገሯት እንጂ!»

አያ ይማም ቀስ ብለው ቀና አሉ። የያዙትን ቅጠል ከአፋቸው አወጡ። ሚስታቸውን አላዩም፣ እኔን አላዩም፣ ሸሁንም አላዩም፤ ልጃቸውን ብቻ አይተው፦

«ሂድ ልጄ» አሉ፤ «አንተን ከማግኘታችን በፊት እኔም ሄጃለሁ። መርፌው እንደሚወራው አያምም።»